ሁሉም «ጎበዝ» ይለኛል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም

ሐረጎ በጠዋት — ሐምሌ 12፣ ማታ 4፡10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት ያህል አንብቤያለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ሆኜ። ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ።

ሥራ ላይ ስሜ ጥሩ ነው። ኦዲተሮች ሲመጡ «የእሷ ፋይል ከሆነ አታስቡ» ይባላል። ሦስት ጊዜ እድገት አግኝቻለሁ። እናቴ ስለ እኔ ለጎረቤት ስታወራ ፊቷ ይበራል።

ማንም የማያየው ይሄ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ባር ባር ይላል። አንድ ቁጥር የተሳሳትኩ ይመስለኛል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ እንዳይነቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ የስልኩን ብርሃን ቀንሼ፣ ቀን የላክሁትን ሪፖርት እከፍታለሁ። ትክክል ነው። ደግሜ አያለሁ። ትክክል ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

አንድ ሪፖርት ከመላኬ በፊት ስድስት ሰባት ጊዜ አነባለሁ። ከላክሁ በኋላም አነባለሁ። አለቃዬ «ቢሮ ብቅ በይ» ብሎ ከጻፈልኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ገብቼ ስሰማ የስብሰባ ሰዓት ሊነግረኝ ነው። አሁን ክረምት ነው፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ ከባድ ነው። ተሳፋሪው ቁልቁለቱን ይፈራል። እኔ የምፈራው ፋብሪካው በር ላይ መድረስን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጨጓራ በሽተኛ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ኦሜፕራዞል ይታዘዝልኛል፣ እጨርሳለሁ፣ ይደገምልኛል። ኢንዶስኮፒም ተደረገልኝ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ያየኝ ሐኪም ግን ወረቀቱን አስቀምጦ «እህቴ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። አፍሬ ወጣሁ። የጻፈልኝ ወረቀት ላይ «ሳይካትሪ ክፍል ትታይ» ይላል፣ የአእምሮ ሕክምና ማለት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እየሠራ፣ እየሳቀ፣ ግን እንዲህ ሆኖ የሚኖር ሰው ታክሞ የተሻለው አለ? ሁለተኛውን ለመጻፍም ይከብደኛል። ይህ ጭንቀት ከለቀቀኝ ሥራዬስ? ጎበዝ ያደረገኝ እሱ ከሆነስ?


የቧንቧ ውሃ ልጅ — ሐምሌ 12፣ ማታ 4፡31

አብሽሪ እህቴ። ብቻሽን አይደለሽም። እኔም ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ማሽን ጥገና ላይ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር መስመር የቆመ ይመስለኛል። በዕረፍት ቀኔም ቢሆን። የሠርጌ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውዬ «ሁሉ ደህና ነው?» ብያለሁ። ሰው ለሥራው አሳቢ ነው ብሎ አመሰገነኝ። የጻፍሽውን ሳነብ ግን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሣ። እከታተላለሁ።


ቀጥተኛው መንገድ — ሐምሌ 12፣ ማታ 5፡02

በአክብሮት ነው የምናገረው፣ እንዳትቀየሚኝ። ሥራ አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ። ዲግሪ ይዞ ፒያሳ ላይ የሚውል ስንት ወጣት አለ። በዚህ ላይ «ሳይካትሪ» የሚል ስም ከተለጠፈብሽ አይላቀቅሽም። ወደ ፈጣሪሽ ቅረቢ፣ አመስግኚ። ልብ በምስጋና ያርፋል።


እናት ወሎ — ሐምሌ 13፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ሌሊቱን ነው ያነበብኩሽ። እኔ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የማትሪክ ውጤት በሚመጣበት ሰሞን ምግብ አይወርድልኝም ነበር። የተማሪ ወረቀት አርሜ፣ ደምሬ፣ ከተኛሁበት ተነሥቼ እንደገና እደምር ነበር። ያኔ ስሙን የሚነግረን አልነበረም። «አሳቢ መምህርት» እንባል ነበር። ደም ግፊቱ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ለወንድሜ ለቀጥተኛው መንገድ። ምስጋናው ልክ ነህ፣ እኔም ሳላመሰግን የማድርበት ሌሊት የለም። ወዳጃ ተቀምጬ ዱዓ አደርጋለሁ። ለግፊቴ ደግሞ ኪኒን እውጣለሁ። አንዱ ሌላውን ከልክሎኝ አያውቅም። ይህችን ልጅ «አላመሰገንሽም» ማለት ግን ሌላ ሸክም መጨመር ነው። እሷ ከአሁን ወዲያ በምስጋናዋም ልትጨነቅ ነው።

ወረቀቱን ከቦርሳሽ አውጪው የኔ ልጅ።


ጦሳ ሥር — ሐምሌ 13፣ ማታ 2፡40

እኔ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። ደሴ ነው የምሠራው። በመድረክ ላይ ሰው አይመረመርም፤ የምጽፈው ወረቀቱን ይዘሽ ስትሄጂ ምን እንደሚጠብቅሽ እንድታውቂ ነው። ረዘም ይልብኛል፣ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ብዙ ሰው በኢንተርኔት «ሥራን የማያስተጓጉል ጭንቀት» እያለ ይጽፋል። እንዲህ የሚባል በሽታ በምርመራ መጽሐፎቻችን ውስጥ የለም። ያለው አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ነው። መለኪያው ይሄ ነው፤ ቢያንስ 6 ወር፣ ከማይጨነቁበት ቀን የሚጨነቁበት የበዛ፣ ላቁም ቢሉት የማይቆም ጭንቀት። ከዚያ ጋር ዕረፍት ማጣት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ቶሎ መቆጣት፣ የጡንቻ መወጠር፣ የእንቅልፍ መዛባት። ከእነዚህ ከ6ቱ ቢያንስ 3ቱ ይታያሉ። ሥራ ላይ ጎበዝ መሆን ከሕመሙ ነጻ አያደርግም። እንዲያውም እኛ ዘንድ ሰው ቶሎ የማይመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ያቃተውን ሰው ቤተሰቡ ይዞት ይመጣል። ሥራ ያሳመረን ሰው ማን ያመጣዋል?

ጨጓራውን በተመለከተ ብቻሽን እንዳይመስልሽ። እኛ አገር ጭንቀት በአፍ ከመነገሩ በፊት በአካል ነው የሚናገረው። ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ማጅራት መያዝ፣ «ብርድ መታኝ»። ሰውየው እየዋሸ አይደለም፣ ሆዱ በእውነት ያመዋል። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ትልቁ እሱ ነው።

ትንሽ ሆነን አንገታችን ላይ ክታብ የታሰረልን ስንቶቻችን ነን? ልጁ ደህና ካደገ ክታቡ ጠበቀው ይባላል። ፈትቶ ያየ ስለሌለ ያለ ክታቡም ደህና ያድግ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ያንቺ ሰባት ጊዜ ማንበብ እንደዚያ ነው። ሪፖርቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ አእምሮሽ «ሰባት ጊዜ ስላነበብኩ ነው» ይላል። «ሥራዬን ስለማውቅ ነው» አይልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስኬት የምታምኚው ራስሽን ሳይሆን ጭንቀቱን ነው። እድገት በጨመረ ቁጥር ፍርሃቱ አብሮ የሚያድገው ለዚህ ነው።

በፈረንጆቹ 1978 ፓውሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ150 የሚበልጡ ስኬታማ ሴቶችን አጥንተው ነበር። ዲግሪው፣ ሹመቱ፣ ሽልማቱ አለ። ሴቶቹ ግን «ሰውን አታለልኩ እንጂ ብቁ አይደለሁም፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ነበር የሚሉት። ውጤታቸውን ለዕድል ወይም ለልፋት ብቻ ይሰጡት ነበር። አንቺ «ጎበዝ ያደረገኝ እሱ ከሆነስ» ያልሽው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

ሕክምናው ክታቡን ፈትቶ ማየት ነው። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በጥቂት በጥቂቱ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሳይካትሪስት በ1960ዎቹ ነው የጀመረው። ሶፋ ላይ ተኝቶ ስለ ልጅነት መተረክ አይደለም። ከባለሙያው ፊት ለፊት ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፣ የቤት ሥራ አለው። «ካላነበብኩት ምን ይሆናል?» የሚለውን ትጽፊያለሽ፣ ትሞክሪያለሽ፣ የሆነውን ትጽፊያለሽ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ12 እስከ 15 ሳምንት ይወስዳል።

መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ። ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባሉት ይታዘዛሉ። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም፣ ሲቆሙም በሐኪም ምክር ቀስ ተብሎ ነው። አደራ ተጠንቀቁ የምለው ግን ዲያዜፓም ከሚባለው ማስታገሻ ነው። ከጎረቤት ተውሶ፣ ከመድኃኒት ቤት ለምኖ የሚውጥ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ለዚያች ሌሊት ያስተኛል። ከሰነበተ ያለ እሱ እንቅልፍ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር። የታይሮይድ ምርመራና የደም ማነስ ምርመራ ይደረግልሽ። ታይሮይድ የሚባለው የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጭንቀትን ቁጭ ነው።

ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለው። ወረቀቱ ካለሽ መንገዱ ተከፍቷል።


የቧንቧ ውሃ ልጅ — ሐምሌ 13፣ ማታ 3፡05

የክታቡን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሠርጌ ዕለት የደወልኩት ሦስት ስልክ ክታብ ነበር ማለት ነው። ስለ ቡናና ጫትስ ምን ትላለህ? እኔ እሑድ እሑድ እቅማለሁ። ሰኞ ሌሊት ነው የሚብስብኝ።


ጦሳ ሥር — ሐምሌ 13፣ ማታ 3፡22

የሚገርም አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ሲለቅ ደግሞ ድብርት ያመጣል። ለሚጨነቅ ሰው እሳት ላይ ጭድ ነው። ቡናም ቢሆን እዩት። ግማሹ ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሹ ውስጥ አለ። ጀበናውን ስበሩ አልልም፣ ወሎ ውስጥ ይህን ማን ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ወደ ጠዋት አምጡት ነው የምለው።


ሌሊት ተረኛ — ሐምሌ 14፣ ሌሊት 8፡47

አሁን ተረኛ ነኝ፣ ትንሽ ጸጥ ስላለ ነው የምጽፈው። ሐኪም ነኝ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል። እህቴ፣ የመጀመሪያ ጥያቄሽን እኔ ልመልስልሽ። የተሻለው አለ። እኔ ነኝ።

የስፔሻላይዜሽን ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ከኦፕሬሽን ወጥቼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ወደ ዋርድ እመለስ ነበር። በሽተኛው ደህና ነው። ነርሷ ደህና ነው ብላኛለች። እኔ ግን ካላየሁ አልተኛም። አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ሁለቴ። አስተማሪዎቼ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርገው ያነሡኝ ነበር። ሙገሳው ነው ያቆየኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሙገሳ በኋላ «አሞኛል» ማለት አቃተኝ።

ሳይካትሪ ክፍል በር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የማክማቸው ሰዎች ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በስልክ በቪዲዮ ጀመርኩ። ኔትወርክ እየተቆረጠ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ አዝዋ ገደል አካባቢ አቁሜ። አሥራ አራት ጊዜ ተገናኘን። አራተኛው ላይ ልተወው ነበር። የባሰብኝ መሰለኝ። ወደ ዋርድ አትመለስ የተባልኩበት የመጀመሪያ ሌሊት በሕይወቴ ከባዱ ነበር። በሽተኛዬ ሳይሆን እኔ የምሞት መሰለኝ። ነጋ። በሽተኛው ቁርስ እየበላ አገኘሁት።

እጄ አልዛለም። አሁንም ጠንቃቃ ነኝ። የኦፕሬሽን ቼክሊስቴን አንድ ጊዜ፣ በደንብ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቼክሊስቱ የሚጠብቀው በሽተኛውን ነው። የሌሊት መመላለሱ የሚጠብቀው እኔን ከፍርሃቴ ነበር። ይህን ልዩነት ለማየት ወራት ፈጅቶብኛል።

ተጠራሁ፣ ልሂድ።


ሐረጎ በጠዋት — ሐምሌ 14፣ ማታ 4፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ «የሚጠብቀው እኔን ከፍርሃቴ ነበር» ያልከውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እትዬ፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን አውጥቻለሁ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ነው ያለው።

የሚይዘኝ ሌላ ነገር አለ። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት። ደሴም ብትሆን ሰው ለሰው ይተዋወቃል። አንድ ሰው ሳይካትሪ ክፍል በር ላይ ቢያየኝ እስከ ማታ ፋብሪካው ይሰማል። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ምን ብዬ እጀምራለሁ? እሱ የሚያውቃት ሴት ሁሉንም የምትችለዋን ነው።


እናት ወሎ — ሐምሌ 15፣ ጠዋት 12፡50

የኔ ልጅ፣ ባልሽ አብሮሽ ነው የሚተኛው። የማያውቅ ይመስልሻል? ስሙን ላያውቀው ይችላል እንጂ ነገሩን ያውቃል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልተሽ ቁጭ በይ። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የምነቃው ለምን እንደሆነ ልንገርህ» ብለሽ ጀምሪ። ሌላው ራሱ ይመጣል።


ቦርከና ማዶ — ሐምሌ 15፣ ቀን 7፡30

እኔ የምለው ከሌላው ትንሽ ይለያል። እህቴ፣ ክፍልሽ ውስጥ ስንት ሰው መሥራት ነበረበት? ስንት ነው ያለው?

ይህን የምጠይቀው ሁልጊዜ ነገሩ ሰውየው ጭንቅላት ላይ ስለሚጣል ነው። የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ይሰጥና እንቅልፍ ሲያጣ ታከም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 በሥራ ጫና መዛልን (በርንአውት የሚባለውን) በዓለም አቀፍ የሕመሞች መዝገብ ውስጥ ሲያብራራው በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ሐምሌ የሒሳብ መዝጊያ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አለቀ፣ አሁን ፋይናንስ ክፍል ያለ ሰው በሙሉ ቀይ ዓይን ነው። ቴራፒ ጥሩ ነው። ግን ቴራፒስቱ ሠራተኛ አይቀጥርልሽም።


ሐረጎ በጠዋት — ሐምሌ 15፣ ማታ 4፡02

ስድስት መሆን ነበረብን። አራት ነን። ሁለቱ ቦታ ከዓመት በላይ ባዶ ነው። እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ሰው ይቀጠርልኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከጠየቅሁ «አቃታት» የሚሉኝ ይመስለኛል።


ጦሳ ሥር — ሐምሌ 15፣ ማታ 4፡30

ቦርከና ማዶ ያነሣው ትክክል ነው፣ ከእኔ ሙያ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለቱ ግን የተለያዩ አይደሉም። «አቃታት እንዳይሉኝ» የሚለው ፍርሃት ነው ለአራት ሰው የስድስት ሰው ሥራ ያስያዘሽ። ስትታከሚ ይህንንም ይዘሽ ግቢ።


ኩርኩር ሰፈር — ሐምሌ 16፣ ማታ 3፡15

የእኔ ከእናንተ ይለይ ይሆን? ባንክ ነው የምሠራው፣ ሥራዬ ላይ ደህና ነኝ። በ2014 ጥቅምት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ልጆቼን ይዤ ከደሴ በእግር ወጣሁ። ተመልሰን ቤታችንን ባዶ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ከባድ መኪና ሲያልፍ ብርጭቆ ከእጄ ይወድቃል። ያየሁትን በሕልሜ ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ሲያየኝ ደህና ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።


ጦሳ ሥር — ሐምሌ 16፣ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። የገለጽከው ሕልምና ድንጋጤ የራሱ ሕክምና ያለው ነገር ነው፣ ከአጠቃላይ ጭንቀት ጋር አንድ አይደለም። ዓመታት ቢያልፉም ይታከማል። በዚህች ከተማ ያንን ጊዜ ያሳለፈው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ በር ላይ ብትቀመጥ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ያለፍክበትን ያውቀዋል። ስትሄድ ለባለሙያው «በ2014 የሆነ ነገር አለ» በለው፣ ያ ብቻ ይበቃል። በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ።


ሐረጎ በጠዋት — ነሐሴ 8፣ ማታ 4፡15

ተመልሻለሁ። ሄድኩ።

መጀመሪያ ለባለቤቴ ነገርኩት። እትዬ እንዳሉት በሻይ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔን የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።» ለካ ሌሊት ፊቴን አዙሬ ስልክ ስከፍት እያየ ዝም ይል ነበር። ሁለት ዓመት። ያን ሌሊት ሁለታችንም አለቀስን። የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ላይ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ።

የታይሮይዱና የደም ማነሱ ውጤት ደህና ነው። 7 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሞላሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንደተጨነቅሽ የሚጠይቅ፣ ከ21 የሚታሰብ። 16 አገኘሁ። ባለሙያዋ 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው እንደሆነ ነገረችኝ፣ ወረቀቱ ማጣሪያ ብቻ እንደሆነ ግን አስረድታኛለች። ረጅም ጥያቄ ጠየቀችኝ። ይገርማችኋል፣ 16 ሲባል ቀለል አለኝ። ሁለት ዓመት «ምንም የለሽም» ስባል ነበር።

አሁን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያው የቤት ሥራ የጭንቀት ሰዓት ነው። በየቀኑ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ 20 ደቂቃ፣ ደብተር ይዤ እጨነቃለሁ። ቀን ሐሳብ ሲመጣ «ለ1 ሰዓት» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ እተወዋለሁ። መጀመሪያ የልጅ ነገር መሰለኝ። ማታ ደብተሩን ስከፍት ግን ግማሹ ሐሳብ ለምን እንዳስጨነቀኝ እንኳን አላስታውስም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አሁንም እነቃለሁ። ስልኩ ግን ሳሎን ነው የሚያድረው።


የቧንቧ ውሃ ልጅ — ነሐሴ 8፣ ማታ 4፡28

«የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» የሚለውን ሳነብ ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት። ዛሬ ልነግራት ነው።


ቀጥተኛው መንገድ — ነሐሴ 9፣ ጠዋት 2፡05

እህቴ፣ ሄደሽ በመታየትሽ ደስ ብሎኛል። ያኔ የጻፍኩት ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ጸሎቱ ያልኩትን ግን አሁንም አምንበታለሁ።


ሐረጎ በጠዋት — ነሐሴ 9፣ ማታ 4፡00

ምንም አይደል ወንድሜ። ጸሎቴን አልተውኩም። አሁን ስጸልይ ሐሳቤ ከሪፖርት ላይ ትንሽ ስለሚነሣ ከበፊቱ ይሻላል።


ሐረጎ በጠዋት — ጥቅምት 6፣ ማታ 3፡45

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ልኬ ነው የምጽፈው። ይህን ለእናንተ ሳልነግር መተኛት አልፈለግሁም።

ከባለሙያዋ ጋር ከቀላሉ ነበር የጀመርነው። መጀመሪያ ተራ ኢሜይል አንድ ጊዜ አንብቦ መላክ። ከዚያ የሳምንት ሪፖርት። በእያንዳንዱ ላይ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ምን ይሆናል ብዬ እንደፈራሁ፣ ስንት በመቶ እንደማምንበት። የሩብ ዓመቱ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፤ «ሁለት ጊዜ ብቻ ካነበብኩት ስሕተት ይገኛል፣ 80 በመቶ። ከተገኘ አለቃዬ እምነት ያጣብኛል፣ ከቦታዬ ያነሣኛል፣ 70 በመቶ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንዱ ቁጥሩን ለማመሳከር፣ አንዱ ጽሑፉን ለማየት። ላክሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስሕተት ተገኘ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑ የአምናው ነው። ከአምናው ፋይል ስገለብጠው የቀረ። አለቃዬ መልሶ ጻፈ፤ «ደርሶኛል፣ ቀኑን አስተካክዪው። አመሰግናለሁ።» አስተካክዬ ላክሁ። አራት ደቂቃ ፈጀ።

ለባለሙያዋ ስነግራት የሚከፋኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያለ ስሕተት ከማለፉ ይልቅ ይሄ ይሻላል አለችኝ። ስሕተት ባይገኝ ኖሮ «ዕድሌ ነው» ብዬ እቀጥል ነበር። አሁን የፈራሁት ነገር ራሱ ደረሰና ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ነኝ። ደብተሬ ላይ ከ70 በመቶው ጎን «አራት ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ።

ለቦርከና ማዶ። ሁለት ሰው ይቀጠርልኝ ብዬ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ለአንዱ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሁለተኛው በጀት የለም ተብሏል። ለሱ ደግሜ እጠይቃለሁ።


ሌሊት ተረኛ — ጥቅምት 7፣ ሌሊት 7፡20

«አራት ደቂቃ»። እህቴ፣ ይህቺን ለራሴም ልወስዳት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ሥራ ሲበዛ ይመለሳል። እኔ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ሁለት ሌሊት ወደ ዋርድ ተመለስኩ። ወድቄ ወደ መጀመሪያው የተመለስኩ መሰለኝ። ባለሙያዬ ጋ ደወልኩ፣ ሁለት ጊዜ ተነጋገርን፣ ቆመ። በደንብ ስትሆኚም የእሷን ስልክ አትሰርዢ።


ኩርኩር ሰፈር — ጥቅምት 7፣ ማታ 2፡50

ሰላም። ጀምሬያለሁ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ከባድ ነው። ለአሁን ይህን ብቻ ነው መጻፍ የምችለው።


እናት ወሎ — ጥቅምት 7፣ ማታ 3፡10

አብሽር ልጄ። ያለፍከውን እኛም አልፈነዋል። በዱዓዬ አለህ።


ሐረጎ በጠዋት — ኅዳር 2፣ ማታ 4፡05

አጭር ነው የምጽፈው፣ ነገ በጠዋት ቀጠሮ አለኝ። 7ቱን ጥያቄዎች ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ሞልቻለሁ፣ 8 ነው። ሌሊት በሳምንት ሁለቴ ያህል እነቃለሁ። አንዳንዴ ተመልሼ እተኛለሁ፣ አንዳንዴ ባለቤቴ «9 ሰዓት ሆነ?» ይለኛል፣ ትንሽ እናወራለን። ኦሜፕራዞሉን ሐኪሙን ጠይቄ አቁሜያለሁ።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ለነገው ቀጠሮ የፈቃድ ቅጽ ስሞላ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ሁልጊዜ «ጨጓራ» ብዬ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ብዕሬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ «የሕክምና ቀጠሮ፣ ሳይካትሪ ክፍል» ብዬ ጻፍኩና ለአለቃዬ ይዤለት ገባሁ። አነበበው፣ ፈረመበት። ቀና ብሎ አየኝና «እነሱ በቅዳሜም ይሠራሉ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ነገ ጠይቄ እነግረዋለሁ።